የደነዘዘው ከንፈር

«በቃ፣ ሰልችቼሃለሁ አይደል? እንደ ወንድ ንገረኛ!»

ይሄን የተናገርኩት ብየዳ ቤቱ በር ላይ፣ ገና ቀለም ያልተቀባ የግቢ በር ተደግፌ ነው። ስስመው ከንፈሩ አልመልስልኝ አለ። መጀመሪያ ጊዜ ደክሞት ነው አልኩ። ቀጥሎ ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ራሴው ሽማግሌ ሆኜ አስታረቅኩት። ያን ቀን ግን ትዕግስቴ አለቀ፤ ድሮም ትዕግስት የሚባለውን ነገር የማውቀው ከሩቅ ነው። የበር እጀታ የሳምኩ መሰለኝ።

«ምን ሆነሻል ዶክተርዬ? ሰው እያየ እኮ ነው» አለና ሳቀ። ሲስቅ አገጩን በእጁ ሸፈነ። ሰሞኑን ሲያወራም፣ ሲበላም፣ እጁ ከአገጩ አይወርድም ነበር። የሚደብቀኝ ነገር እንዳለው ገባኝ፤ ሴት ናት ብዬ ደመደምኩ።

«ሰው ሁሉ ብረቱ ሲልህ እውነት አድርገህ ያዝከው? ከንፈርህም ብረት ሆነ?»

ብረቱ ቅጽል ስሙ ነው። የሠፈሩን በርና መስኮት የበየደው እሱ ነው። የተዋወቅነውም የላቦራቶሪያችንን የመስኮት ፍርግርግ ሊበይድ መጥቶ ነው፤ ጥቁሩን የብየዳ ጭንብል ከፊቱ ላይ ገፍቶ ሲያየኝ፣ እኔ የያዝኩትን የናሙና ጠርሙስ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። ነገር በዓይን ይገባል የሚሉት እውነት ነው።

ያን ቀን በሩ ላይ ግን በሌላ ዓይን አየኝ። ሊናገር ከንፈሩን ከፈተ። ዘጋው። «ሂጂ፣ አባትሽ ይጠብቁሻል» አለኝ በመጨረሻ።

እንዲህ ብሎ ከሚያባርረኝ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መንገድ ለመንገድ እያለቀስኩ፣ ደግሜ ደጁን ብረግጥ ብዬ እየማልኩ ሄድኩ። እየማልኩም ዞሬ ዞሬ አየሁ፤ አልተከተለኝም።

አባቴን ማወቅ አለባችሁ። እኔ በምሠራበት ሆስፒታል የራስና የአንገት ቀዶ ሐኪም ነው፤ ፕሮፌሰሩ ካሉ እሱን ነው። እኔ ደግሞ ፓቶሎጂስት ነኝ፤ ከታማሚ የተቆረጠችውን ቁራጭ በማይክሮስኮፕ አይቼ በሽታው ምን እንደሆነ የምናገረው እኔ ነኝ። አባቴ ቀልድ ይወዳል፣ ለነርሶቹ ልደት ያስባል፣ ለድሃ ያዝናል። ስለ ብረቱ ስነግረው ግን ፊቱ ተለዋወጠ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ ለበያጅ ልድርሽ ነው? ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ። ፊቱንም እንዳታሳዪኝ!» አለኝ። እውነትም አላየውም። ብረቱ ሰላም ሊለው መጥቶ ሳሎን ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ አባቴ በጓሮ በር ወጥቶ ሄደ።

አባቴ ሆስፒታሉ ውስጥ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንዱ እጁ ነው፤ የሰው መንጋጋ ቆርጦ አውጥቶ በእግር አጥንት መተካት ይችልበታል። ሁለተኛው ድርቅናው ነው፤ በዘመዱ ላይ ቢላ አያነሳም። የእማዬ እንቅርት ሊወጣ ሲል ሁሉም ሰው ከእሱ የተሻለ የለም ቢለው፣ «እጄ ይንቀጠቀጥብኛል» ብሎ ለተማሪው ሰጣት። እሱ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የእማዬን ቀይ የእጅ ቦርሳ በሁለት እጁ ጉልበቱ ላይ ይዞ ጠበቀ። ነርሶቹ እስከ ዛሬ ይሳሳቁበታል። ያቺ ተማሪው በኋላ ሌላ ሆስፒታል ትልቅ ሐኪም ሆና፣ በሰው ፊት ስህተቱን ብታርመው አኮረፋትና መነጋገር ካቆሙ ቆዩ። ኩርፊያ ከማን እንደወረስኩ እንግዲህ ገብቷችኋል።

* * *

ያኮረፈ ሰው ሥራ ይወዳል። ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፋሁ። ናሙና እኔ ጋ የሚመጣው በቁጥር እንጂ በስም አይደለም፤ የማን ሥጋ እንደሆነ አላውቅም፣ ማወቅም አይጠበቅብኝም። ከመንጋጋ የተወሰደች አንዲት ቁራጭ ነበረች። ከዚያ በፊት ከላይ ከላዩ የተወሰደች ሌላ ቁራጭ ታይታ «ቁስለት ነው» ተብሎ ነበር። ይህችኛዋ ከጥልቅ ነው የመጣችው።

ሌንሱን አስተካክዬ ሳይ ልቤ ዘለለ። ሕዋሶቹ ቅርጻቸው የተዛባ፣ የተቆጡ፤ በመካከላቸው ደግሞ ራሳቸው የሠሩት ለጋ አጥንት፣ እንደ ሮዝ ዳንቴል ተጠልፎ። የካንሰር ሕዋስ ራሱ አጥንት ሲሠራ ካያችሁ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። የመንጋጋ ኦስቲዮሳርኮማ፤ የአጥንት ካንሰር። ብዙ ፓቶሎጂስት ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ ጥቂቱን እንኳ አያይም።

«ኑ ኑ፣ ቆንጆ ነገር ላሳያችሁ!» ብዬ ጮህኩ።

የእኛ ሙያ ክፉ ልማድ ነው ይሄ። ብርቅ በሽታ ስናይ ቆንጆ እንላለን። ባልደረቦቼ እየተጋፉ አዩት። «ውይ፣ እንዴት ያምራል!» ተባለ። ፎቶ አንስቼ ለሳምንቱ የሐኪሞች ስብሰባ አዘጋጀሁት። ከተጣላን ወዲህ ደስ ያለኝ ያኔ ነው፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

* * *

ስብሰባው ላይ ቀዶ ሐኪሙም፣ የኬሞውም፣ የጨረሩም፣ የራጁም ሐኪም ይቀመጣል። አባቴ ከጠረጴዛው ራስ ላይ ነው። ታማሚዎቹን የሚያቀርበው አንድ ስፔሻሊቲ የሚማር ወጣት ሐኪም ነው፤ አፉ ስለማይዘጋ ሬዲዮ እንለዋለን።

«ቀጣዩ ታማሚ ወጣት ነው፤ የእጅ ባለሙያ» አለ ሬዲዮ። «ግራ መንጋጋውን አመመኝ ብሎ ክሊኒክ ሄደ፣ ጥርሱ ተነቀለለት። ቁስሉ አልደርቅ አለ። አንቲባዮቲክ ወሰደ፤ ወይ ፍንክች! ድዱ አበጠ። ሳንባው በሲቲ ስካን ታይቷል፣ ንጹህ ነው፣ አልተዛመተም። ስሙ በፍጹም እንዳይጠራ ለምኖኛል፤ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

እኔ ወረቀቴን እያስተካከልኩ ነበር።

«ከሁሉ የሚያስገርመውን ምልክት ግን በራሱ ቃል ላቅርበው፤ ደስ ስላለኝ ነው» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «‹እጮኛዬ ስትስመኝ ከንፈሬ አልሰማ አለኝ። የጥርስ ማደንዘዣው ያልለቀቀኝ መስሎኝ ዝም አልኩ። እሷ ግን ብረት ሆንክ ብላ ተቆጣችኝ።›»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «መታከም ያለባት እሷ ናት!» አለ የጨረሩ ሐኪም። አባቴ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪጠርግ ሳቀ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። አይሆንም አልኩ። በዚህ ዓለም ላይ እጮኛዋን የምትቆጣ ሴት እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?

«ሳቁ ይብቃንና ልብ በሉ» አለ አባቴ። «የታችኛው ከንፈርና አገጭ ያለ ምንም ምክንያት ከደነዘዘ፣ መንጋጋ ውስጥ ነርቩን የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። ቀላል ምልክት አይደለም። ልጅቷ ሐኪም ብትሆን ኖሮ ያኔውኑ እጁን ይዛ በሩጫ ባመጣችው ነበር።»

ልጅቷ ሐኪም ናት፣ አባዬ። ይሄን ምልክት ለተማሪ የምታስተምረው፣ በየዓመቱ ፈተና ላይ የምታወጣው እሷ ናት።

ሬዲዮ ራጁን አሳየ። የመንጋጋው አጥንት እንደ ፀሐይ ጮራ ወደ ውጭ ተበትኗል። ቀጥሎ የአፉ ፎቶ መጣ፤ ከአፍንጫ በታች ብቻ። ከታችኛው ከንፈር ሥር፣ ወደ ግራ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጭ ጠባሳ አለች። የብየዳ ፍንጣሪ ያቃጠለው ነው። ስንቴ ስሜያታለሁ!

«ፓቶሎጂ፣ ቀጥዪ» አለ አባቴ።

ተነሳሁ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። የእኔ ስላይድ ሰሌዳው ላይ ፈነጠቀ፤ ሮዙ ዳንቴል። ቆንጆ ያልኩት። ኑ እዩልኝ ብዬ ሰው የጠራሁበት።

«ሕዋሶቹ... ራሳቸው... አጥንት እየሠሩ ነው። ኦስቲዮሳርኮማ ነው።»

«ደረጃው?»

«ከፍተኛ።»

«ከፊተኛው ናሙና ጋር አይገጥምም። እርግጠኛ ነሽ?»

በሕይወቴ መሳሳት የፈለግኩበት ቀን ቢኖር ያ ነው። የተማርኩት ሁሉ ገደል ይግባና ተሳስቼ በሆነ! «እርግጠኛ ነኝ» አልኩ። ሥራ ቦታ ፕሮፌሰርና እርስዎ እንጂ ሌላ ወጥቶኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። «አባዬ... እሱ ነው።»

«ማን?»

«ፊቱን እንዳታሳዪኝ ያልከኝ ሰው።»

አባቴ ቀስ ብሎ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ሬዲዮ እንኳ ዝም አለ። አባቴ ያን ጠባሳ፣ ያን ከንፈር ብዙ አየው። ከዚያ «ስላይዱን ሌላ ሰው ይይልን፤ እሷ ከዚህ በኋላ አትነካውም» ብሎ እኔን ሳያይ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ውስጤ የነበረው ነገር ሁሉ አብሮ የተዘጋ መሰለኝ።

* * *

ብረቱ የስብሰባውን ውሳኔ ሊሰማ ምርመራ ክፍል ውስጥ፣ ከፍ ያለው አልጋ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጦ ነበር። ስገባ ደንግጦ ተነሳ። «ዶክተርዬ?» አለ። ዓይኔን አየና ተመልሶ ተቀመጠ።

«ክፉ ነው ማለት ነው።»

«ማን ነው ደብቃት ያለህ? ማን ነው?» ብዬ ትከሻውን በቡጢ መታሁት። ደግሜ ልመታው እጄን አነሳሁና በዚያው ትከሻው ላይ ወደቅኩ። ድምፄ ኮሪደር ድረስ ተሰምቷል አሉ፤ ይሰማ!

«ልነግርሽ ነበር እኮ» አለ ፀጉሬን እየዳበሰ። «ያን ቀን፣ በሩ ላይ። አፌን ከፍቼ ሁሉ ነበር። ከዚያ ሳስበው ብታኮርፊኝ ይሻላል አልኩ። ኩርፊያ በይቅርታ ይለቃል። ይሄኛው ግን...»

«ሥራዬ ነው እኮ! ይሄ የኔ ሥራ ነው!»

«ለዚያ ነዋ! ቀን ሙሉ እሱን ስታዪ ትውዪና ደግሞ እኔ ላይ እንድታዪው? ናሙናውን ሲወስዱ፣ ከዚያ ሁሉ ጠርሙስ መካከል የኔዋ አንቺ ጋ አትደርስም ብዬ ነበር።»

ደርሳ ምን እንዳልኳት አልነገርኩትም። ያንን እንዴት ብዬ?

«በይ ንገሪኝ» አለ። «ከሌላ ሰው ከምሰማው ካንቺ ልስማ።»

ነገርኩት። እንባዬን በክንዴ እየጠረግኩ፣ አንድም ሳላስቀር። ብርቅ በሽታ ነው፤ ግን ሳንባህ ንጹህ ነው፤ የመንጋጋው ደግሞ እግር አጥንት ላይ እንደሚወጣው ለመዛመት አይቸኩልም። መጀመሪያ ኬሞ ትወስዳለህ። ፀጉርህ ይረግፋል፣ ያቅለሸልሽሃል። ከዚያ የመንጋጋህ ግራው ጎን ከነዕጢው፣ በዙሪያው ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር ይወጣል፤ ትንሽ እንኳ ከቀረ ተመልሶ ይመጣልና። ከእግርህ ቀጭኗ አጥንት ከነደም ሥሯ ተወስዳ ቦታውን ትተካለች፤ በላሜራና በብሎን ትታሰራለች።

«ላሜራው ምንድን ነው?»

«ታይታኒየም።»

«ታይታኒየም ለብየዳ አስቸጋሪ ነው» አለ ኮስተር ብሎ።

እያለቀስኩ ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ፤ አገጩን ግን አልሸፈነም። ትንሽ ቆይቶ እጄን ከእጁ ውስጥ አወጣና ጭኔ ላይ መልሶ አስቀመጠልኝ።

«ቃልሽን መልሼልሻለሁ ዶክተርዬ። በሙሉ ፊቴ ያልፈለጉኝ አባትሽ፣ በግማሽ ፊት እሺ ይሉኛል? ደግሞ ብሞትብሽስ? ሂጂ፤ አልቀየምሽም።»

«ሂጂ ትለኛለህ? ዛሬም ሂጂ? አንድ ጊዜ ሂጂ ብለኸኝ ሄጄ ያተረፍኩት ይሄን ነው! ከዚህ ክፍል አራት ሰው ተሸክሞ ካላወጣኝ አልወጣም። ፊትህ ግማሽ ቢሆን ግማሹን እስማለሁ። ምን ይሁን ነው የምትለው?»

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ሞልቶ ነበር። «የላይኛው ከንፈሬ እኮ አልደነዘዘም» አለ በቀስታ።

ሳምኩት። የላይኛው መለሰልኝ፤ እየተንቀጠቀጠ መለሰልኝ። ያን ሁሉ ሰሞን ሲፈልገኝ የኖረ ሰው፣ ብረት ያልኩት!

* * *

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። አባቴ ነው። ብረቱ ዘሎ ተነሳ፤ «ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለ። አባቴ ሰላምታውን አልመለሰም። እጁን ታጠበ፣ ጓንት አጠለቀ፣ «ተቀመጥ» አለው። መንጋጋውን በሁለት እጁ ይዞ በጣቶቹ ዳሰሰ፣ አፉን አስከፍቶ አየ። ከዚያ ጥጥ ቀደደና ጫፏን እንደ ክር አቀጠናት።

«ዓይንህን ጨፍን። ስነካህ አዎ በል።»

ግንባሩን ነካው። «አዎ።» ጉንጩን። «አዎ።» ቀኝ አገጩን። «አዎ።»

ግራ አገጩ ላይ አሳረፋት። ብረቱ ምንም አላለም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱን ወደ አባቴ ቀና አድርጎ፣ መነካቱን ይጠብቃል። አባቴ ጥጧን በጠባሳዋ ላይ፣ በከንፈሩ ላይ፣ ወዲያና ወዲህ አመላለሳት። እሱ መጠበቁን ቀጠለ።

«አልነኩኝም እንዴ ጋሼ?»

«ነክቼሃለሁ፣ ልጄ» አለ አባቴ። ድምፁ ጎርነን ብሎ ነበር። ልጄ ለታማሚ ሁሉ የሚለው ነው፤ ተስፋ አላደረግኩበትም።

ጓንቱን አወለቀ። «ስላይዱን ሌላ ሰው አይቶታል። አልተሳሳትሽም» አለኝ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ቀዶውን ግን እኔ አልሠራውም።»

መጀመሪያ የሰማሁት አልመሰለኝም። «ምን አልክ?»

«በዚህ ልጅ ላይ እኔ ቢላ አላነሳም።»

ደሜ ወደ ጭንቅላቴ ወጣ። «እንዲህ ትጠላዋለህ? እስከዚህ ድረስ? ማንም ከመንገድ የገባ ሰው ቢሆን ትሠራለት ነበር! ሌባ ቢሆን ትሠራለት ነበር! በያጅ ስለሆነ ይሙት? አባዬ፣ ይሄን ካደረግክ እኔም ልጅህ አይደለሁም!»

«ተዪ እንጂ» አለ ብረቱ እጄን ይዞ። «አባትሽን እንዲህ አትናገሪ። መብታቸው ነው።» ፊቱ ግን አመድ መስሎ ነበር። እሱም ክው ብሏል።

አባቴ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ሲነሳለት ጀርባውን እንደሰጠን ነው።

«አንቺ፣ እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ። አትደንግጪ። አይ፣ አልታመምኩም። ኧረ ማንም አልሞተም፣ አትጩሂ! የመንጋጋ ኦስቲዮሳርኮማ አለ፤ ኬሞውን እዚህ እናስጀምረዋለን፣ ቀዶውን አንቺ ነሽ የምትሠሪው። የእግር አጥንት ማዛወሩ ላይ ከእኔ ትበልጫለሽ። አዎ፣ ብያለሁ። ሁለተኛ አልደግመውም።»

የእማዬን እንቅርት ያወጣችው፣ ያኮረፋት ተማሪው ናት። ድምጿ ከስልኩ አልፎ እኛ ድረስ ይሰማል። «ለምን እርስዎ አይሠሩትም፣ ፕሮፌሰር? ምን ነካዎት?»

አባቴ ከመስኮቱ ዞረ። ብረቱን ፊት ለፊት አየው። ሳሎን ጥሎት የሄደውን ያን ፊት፣ ከግንባሩ እስከ አገጩ፣ ሳይቸኩል አየው።

«በቤተሰቤ ላይ ቢላ እንደማላነሳ ታውቂ የለም እንዴ?» አላት።

እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ። ብረቱ አባቴን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ አባቴን አየ፤ የሰማውን ሊያምን አልቻለም።

አባቴ ስልኩን ኪሱ ከተተና አልጋው አጠገብ ያለውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «የቀዶው ቀን» አለ፣ «ሰዓትህን፣ ስልክህን፣ ጫማህን አስወልቀው ነው የሚያስገቡህ። ዕቃህን ለማን ነው የምትሰጠው?»

ብረቱ ወደ እኔ አመለከተ።

«እሷ ስታለቅስ ዕቃ ይወድቅባታል» አለ አባቴ። «እኔ እይዝልሃለሁ። ውጪ ተቀምጬ እጠብቅሃለሁ።»

ብረቱ ጉንጩ ላይ የወረደውን እንባ በመዳፉ ጠረገ። ግራ አገጩ ላይ የተንጠለጠለችውን ግን አላወቃትም። አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ቀርታ የነበረችውን ጥጥ አንስቶ፣ ቀስ አድርጎ ጠረገለት።